የ“ፀሐይ” ሞዴል፦ 55 ሲሲው ሞተር የት ላይ፣ እንዴት ይታሰር?

የልደታው ባልሳ | ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሩ የሚታሰርበትን የፊት ግድግዳ ከመብሳቴ በፊት ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

“ፀሐይ”ን በሪሞት የምትበር አድርጌ እየሠራኋት ነው። በፈረንጆቹ 1935 እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራችውን አውሮፕላን ማለቴ ነው። ጣሊያኖች ወስደዋት በአየር ኃይል ሙዚየማቸው ስትኖር ቆይታ ጥር 2016 ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የኔዋ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.7 ሜትር ነው። አካሏ በኮምፔርሳቶና ባልሳ በሚባል ቀላል እንጨት ተገጣጥሞ አልቋል፤ ልብስ ግን ገና አልለበሰችም። ስታልቅ 11 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች።

ሞተሩ ዲኤልኢ 55 ነው። በቤንዚን የሚሠራ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ካርቡራቶሩ ከኋላ። ዋናዋ ፀሐይ የነበራት ዋልተር ቬነስ የሚባል ባለ 115 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው፤ 7 ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ። ስለዚህ እኔም ኮፋኖውን ሰፊና ክብ አድርጌዋለሁ።

ያስቸገረኝ ርዝመቱ ነው። ሞተሩ ከሚታሰርበት የፊት ግድግዳ አንስቶ ፕሮፔለሩ እስከሚቀመጥበት ድረስ 210 ሚሜ መሆን አለበት። ሞተሩ ግን ከራሱ የአልሙኒየም እግሮች ጋር 170 ሚሜ ነው። እግሮቹ 60 ሚሜ ናቸው። 40 ሚሜ ይጎድለኛል ማለት ነው። ጓደኛዬ “ተክለሃይማኖት ቶርኖ ቤት ወስደህ 100 ሚሜ እግር አስቀርጽ፤ አለቀ” አለኝ። ትራፓኖውን አዘጋጅቻለሁ፤ ልቤ ግን አልቆረጠም። ምን ትላላችሁ?

ቶርኖ ቤት | ሰኞ ማታ 3፡02

ወንድሜ፣ መቅረጹ ቀላል ነው። አምጣው፣ በግማሽ ቀን ይደርስልሃል። ግን ሥራውን ብፈልገውም 100 ሚሜ እግር አስቀርጽ አልልህም።

ምክንያቱን ልንገርህ። አንድ ጫፉ የታሰረ ዘንግ ሌላው ጫፉ ላይ ሲገፋ የሚታጠፈው በርዝመቱ ኩብ ልክ ነው። ከ60 ወደ 100 ስትሄድ ለያንዳንዷ ግፊት የሚታጠፈው 4.6 እጥፍ ይሆናል። ያንተ ሞተር ደግሞ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። እያንዳንዱ ፍንዳታ ሞተሩን ወደ ጎን ይወዘውዘዋል። ከሁሉ የሚብሰው ሚኒሞ ላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ በዓይንህ ታየዋለህ። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ተጠራቅሞ የሚያርፈው እግሩና ግድግዳው የሚገናኙበት ብሎን ላይ ነው።

የግድ ረጅም እግር ካልክ ወፍራም አድርገው። ውፍረት ሲጨምር ጥንካሬው በአራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። ከ15 ሚሜ ወደ 20 ሚሜ ብትሄድ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ግን ክብደትም ይጨምራል፣ ብሎኑም ያው 5 ሚሜ ብሎን ነው።

ማርሚታ | ሰኞ ማታ 3፡20

እኔ በዚህ አልስማማም። ረጅም እግር የተገጠመላቸው ስንትና ስንት ሞዴሎች ይበራሉ። እኔም 30 ሲሲ ሞተር ላይ 90 ሚሜ እግር አለኝ፤ እስካሁን ምንም አልሆነም። ሰውየውን ለምን በሥራ ላይ ሥራ ትጨምሩበታላችሁ?

ቶርኖ ቤት | ሰኞ ማታ 3፡31

30 ሲሲና 55 ሲሲ አንድ አይደሉም። ያንተኛው የሚያዞረው 18 ወይም 19 ኢንች ፕሮፔለር ነው። የሱ 22 ወይም 23 ኢንች ነው። ክብደቱም፣ ምቱም ይለያል። ያንተ በመቆየቱ ደስ ይለኛል፤ ግን ብሎኖችህን እየፈተሽክ።

ጋሽ ሃንጋር | ማክሰኞ ጠዋት 1፡40

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። በሥራ ዘመኔ ትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ሞተር ሳስርና ስፈታ ነው የኖርኩት። ፀሐይን በእጁ የሚሠራ ልጅ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ትራፓኖውን አስቀምጠው። ጥያቄህ “እግሩ ስንት ይሁን” የሚል ነው። እኔ ከሌላ ጫፍ እንድትጀምር እፈልጋለሁ፤ ከፕሮፔለሩ። ሞተር ሲታሰር ስሌቱ ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ፕሮፔለሩ የሚቆምባትን አንዲት ነጥብ መጀመሪያ አግኝ። እሷ ከታወቀች ግድግዳው የት እንደሚቆም እሷው ትነግርሃለች። ብዙ ሰው ግድግዳውን መጀመሪያ ያጣብቅና ከዚያ ሞተሩን በእግርና በሮንዴላ ሊያደራድረው ይሞክራል። ያን ጊዜ ነው ጣጣው የሚመጣው።

ነጥቧን የሚወስነው ደግሞ ኮፋኖው ብቻ አይደለም። ሚዛኑ ነው። 210 ሚሜ ያልከው ከሥዕሉ የተለካ ነው ወይስ አውሮፕላኗን ሰቅለህ መዝነሃት ነው?

የልደታው ባልሳ | ማክሰኞ ቀን 6፡30

ጋሼ አመሰግናለሁ። ከሥዕሉ የተለካ ነው። ሞተሩ በሌለበት እንዴት ነው የምመዝናት?

ጋሽ ሃንጋር | ማክሰኞ ቀን 8፡05

ሞተሩን ሳታስር ታንጠለጥለዋለህ። ሰርቮዎቹን (መሪዎቹንና ጋዙን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች)፣ ባትሪዎቹን፣ ጎማዎቹን፣ የጅራቱን ነገር ሁሉ በቦታቸው አድርግ። ታንኩ ባዶ ይሁን። ልብሱና ቀለሙ ስለሚቀር የሚመስለውን ክብደት በአሸዋ ከረጢት አድርገህ ጅራቱ አካባቢ ጨምርበት፤ ጅራት ላይ የሚገባ ቀለም ቀላል እንዳይመስልህ። ከዚያ ክንፉ ላይ፣ ከፊተኛው ጠርዝ ከስፋቱ 25 እስከ 30 በመቶ በሚሆነው ቦታ በሁለት ጣት ወይም በገመድ አንሳት። ሞተሩን ከነማርሚታው በላስቲክ አፍንጫው ላይ እሰረውና ወደፊትና ወደኋላ አንሸራትተው። ትንሽ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ስትቆም ያች ናት ቦታዋ።

በቁጥር ልንገርህ። ሞተር፣ ማርሚታና ፕሮፔለር አንድ ላይ 1.8 ኪሎ አካባቢ ቢሆኑ፣ አውሮፕላኗም 11 ኪሎ ብትሆን፣ ሞተሩን 10 ሚሜ ስታንቀሳቅስ ሚዛኗ የሚሄደው 1.6 ሚሜ ነው። አንተ የምትጨነቅበት 40 ሚሜ ሚዛኑን 6.5 ሚሜ ያንቀሳቅሳል። ይህ ትንሽ አይደለም። ሞተሩን ወደኋላ አስቀምጠህ ከዚያ አፍንጫው ላይ እርሳስ ብረት ከምትጭን፣ ሞተሩን ራሱን ወደፊት ማውጣት ይሻላል። ጭነቱ ያው ጭነት ነው፤ ግን አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይጋልባል።

ቦታው ወደ 210 አካባቢ ከወጣ እግሩን አታስረዝም። ግድግዳው ላይ 40 ሚሜ የሚወጣ ሳጥን ሥራ። የሞተሩን 60 ሚሜ እግር እንዳለ ተውለት። ሳጥኑ በአራት ጎኑ ስለሚይዝ ጭነቱን ለአራት ቀጫጭን እግሮች አትሰጥም፤ ለአካሉ ነው የምትሰጠው። ዕቃው ከባድ አይሆንም፤ ሥራው ግን ማዕዘኖቹ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የአራት ኪሎዋ | ማክሰኞ ማታ 1፡50

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳጥኑን ከሠራህ የሞተሩን ዝንባሌ እዚያው ላይ ቁረጠው።

ፕሮፔለሩ ከፓይለቱ ወንበር ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ስለዚህ አፍንጫዋን ወደ ግራ ይጎትታታል፤ በተለይ ስትነሳና ፍጥነቷ ትንሽ ሲሆን። ለዚህ ነው ሞተሩ ወደ ቀኝ 2 ዲግሪ ያህል የሚዞረው። ፀሐይ ክንፏ ከአካሏ በላይ ስለሆነ ደግሞ ጋዝ ስትሰጣት አፍንጫዋን ወደ ላይ ማንሳት ትወዳለች። ስለዚህ ወደ ታች 1 ዲግሪ እመርጣለሁ።

ሰው የሚረሳው ነገር ይሄ ነው። ሞተሩን ወደ ቀኝ ስታዞረው የፕሮፔለሩ መሃል ወደ ቀኝ ይሸሻል። ኮፋኖው ግን የተሠራው ለመሃል ነው። ስለዚህ የሞተሩን መሃል ግድግዳው ላይ አስቀድመህ ወደ ግራ ታሸሸዋለህ። ስንት? ርቀቱን በዲግሪው ታንጀንት ታባዛለህ። የ2 ዲግሪ ታንጀንት 0.035 ነው። ከሳጥኑ ፊት እስከ ፕሮፔለሩ 170 ሚሜ ከሆነ 6 ሚሜ ወደ ግራ። ለ1 ዲግሪ ዝንባሌ ደግሞ 3 ሚሜ ወደ ላይ። ግራና ቀኝ የምልህ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ወደፊት ስታይ ነው፤ ከፊት ቆመህ ስትለካ እንዳይገለበጥብህ።

የሳጥኑን ጎኖች ስትቆርጥ የግራውን ከቀኙ ትንሽ ታስረዝመዋለህ። በመካከላቸው 100 ሚሜ ካለ ልዩነቱ 3.5 ሚሜ ነው። ከዚያ የፊት ሰሌዳው በራሱ ተዘንብሎ ይቀመጣል። እግር ስር ሮንዴላ መደርደር አያስፈልግህም። ሮንዴላ ለመጨረሻ ማስተካከያ ነው፤ ከሙከራ በረራ በኋላ ግማሽ ዲግሪ ብትፈልግ።

ማርሚታ | ማክሰኞ ማታ 2፡10

ይህ ገባኝ። ሳጥኑ ላይ ዝንባሌውን መቁረጥ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ሳጥን ይሁን።

የልደታው ባልሳ | ረቡዕ ማታ 2፡40

ጋሼ እንዳሉት ሰቅዬ መዘንኳት። ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ወጥተው አግዘውኛል። ከግድግዳው እስከ ፕሮፔለሩ 205 ሚሜ ላይ በትክክል ቆመች። ስለዚህ ሳጥኑ 35 ሚሜ ይሆናል፣ ኮፋኖውንም 5 ሚሜ ወደኋላ እስባለሁ።

አሁን ስለ እንጨቱ። መርካቶ ያገኘሁት 6 ሚሜ ኮምፔርሳቶ ነው። ይበቃል? ኢፖክሲ ሙጫስ የትኛው?

ቶርኖ ቤት | ረቡዕ ማታ 3፡15

ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አጽዳና ሽፋኖቹን ቁጠር። ሦስት ሆኖ መሃሉ ወፍራምና ነጭ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ተወው። እሱ ለቁም ሳጥን ጀርባ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በርች የሚባለው እንጨት ነው፤ በ6 ሚሜ ውስጥ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ስስ ሽፋን አለው፣ ጥፍርም አይገባውም። ካጣህ ጥሩ 3 ሚሜ ፈልገህ ሁለቱን አጣብቅ፤ የእንጨቱን መስመር አንዱን በቁም ሌላውን በአግድም አድርገህ። ጭነህበት እስኪደርቅ ጠብቅ።

ኢፖክሲ በ5 ደቂቃ የሚይዘውን አትንካ። በ30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የሚይዘውን ተጠቀም። ቀስ ያለው ወደ እንጨቱ ለመግባት ጊዜ ያገኛል፣ መንቀጥቀጥም የተሻለ ይችላል። ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን ሁሉ ከውስጥ በሦስት ማዕዘን ባልሳ ደግፈው። ከውጭ በፋይበር ግላስ ጨርቅ አልብሰው። ጨርቁን የመኪና ቦዲ የሚጠግኑ ልጆች ጋ በቁራጭ ታገኛለህ።

ሌላው፦ ሙጫ ብቻውን አይበቃም። ኢፖክሲው ሲደርቅ ከአካሉ ጎን ወደ ግድግዳው ጠርዝ በ3 ሚሜ ፑንታ እየበሳህ የቀርከሃ ስንጥር በኢፖክሲ እየነከርክ አስገባ። በየጎኑ አራት አምስት። ትርፉን ቁረጥና አሸው። ሙጫው ቢለቅ እንኳ ስንጥሩ ግድግዳውን ይይዘዋል። 23 ኢንች ፕሮፔለር የሚጎትተውን ግድግዳ በሙጫ ብቻ ማመን አይገባም።

መጨረሻ ላይ እንጨቱን ሁሉ፣ የበሳሃቸውን ቀዳዳዎች ውስጥ ጨምሮ፣ በስስ ኢፖክሲ ቀባው። ቤንዚንና ዘይት የጠጣ እንጨት ይለሰልሳል፣ ብሎኑም ይላላል።

ክንፈ ጥቁር | ሐሙስ ጠዋት 4፡00

ካርቡራቶሩ ከኋላ ነው ብለሃል። የሳጥኑ ፊት ሰሌዳ ላይ ከካርቡራቶሩ ትይዩ ሰፊ ቀዳዳ ክፈትለት። አፉ ላይ ሰሌዳ ተደቅኖበት አይተነፍስም። ሳጥኑ ውስጥም አየር የሚገባበት መንገድ ይኑር። ቾኩና ጋዙ በዚያው ያልፋሉ። የጋዙን ዘንግ ግን ብረት አታድርገው፤ ናይለን ወይም ሌላ ፕላስቲክ ይሁን። ብረት ከሞተሩ የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ይዞ ወደ ሰርቮውና የሪሞቱን ምልክት ወደሚቀበለው ሪሲቨር ይሄዳል።

ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ (ኢግኒሽኑ) ከፊት ይሁን፣ ሪሲቨሩ ከክንፉ ኋላ። በመካከላቸው ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር። ባትሪያቸው የተለያየ ይሁን። እሳቱን ከሪሞት የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያም ይግባለት። ሰርቮ ቢነቀልና ጋዙ ክፍት ቢቀር ሞተሩን የምታጠፋበት ሌላ መንገድ የለህም።

የቤንዚን ቱቦህንም ተመልከት። ለናይትሮ ሞተር (በቤንዚን ሳይሆን በሜታኖል ለሚሠራው) የሚሸጠው የሲሊኮን ቱቦ ቤንዚን ውስጥ ያብጥና ይፈርሳል። ለቤንዚን የተሠራውን ነው የምትፈልገው። ታንኩን አፍንጫው ላይ አታጭቀው። ካርቡራቶሩ የራሱ ፓምፕ አለው፤ ከሩቅ ይስባል። ሚዛኑ ላይ ካስቀመጥከው ቤንዚኑ ሲያልቅ ሚዛኗ አይዛባም።

የአራት ኪሎዋ | ሐሙስ ማታ 1፡20

ስለ አየራችንም እናውራ፤ ከውጭ በተጻፈ መመሪያ ላይ አታገኙትም።

ቦሌ ኤርፖርት ያለበት ከፍታ 2,334 ሜትር ነው። በቀን ሙቀት እዚህ የምንተነፍሰው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። 5.5 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተርህ እዚህ 4 ቢሰጥህ ነው። የሚገርመው፣ ዙሩን ስትለካ ልዩነት ላታይ ትችላለህ። የሞተሩ ጉልበት ሲቀንስ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ስለሚሳሳ ይቀለዋል። ሁለቱ ይካካሳሉ። መጎተቱ ግን በሩብ ቀንሷል። ስለዚህ ዙር ቆጣሪውን ብቻ አይተህ “ሞተሩ ሙሉ ነው” አትበል። ጅራቷን በሚዛን አስረህ ጉተታውን በኪሎ ለካ።

ለመነሳትም ከባሕር ጠለል 15 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ትፈልጋለች። ሜዳህ ረጅም ይሁን። ካርቡራቶሩ ደግሞ ከፋብሪካ እንደመጣ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ሁለቱንም የቤንዚን መመጠኛ መርፌ ትንሽ ትንሽ እያጠበብክ ታስተካክለዋለህ፤ መጀመሪያ የዝቅተኛውን ዙር፣ ከዚያ የከፍተኛውን። ግን ከመጠን በላይ አታጥብበው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚመጣው። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል።

ጋሽ ሃንጋር | ሐሙስ ማታ 2፡30

ልክ ነሽ ልጄ። ከአየሩ መሳሳት ጋር የሚሄደው ማቀዝቀዙ ነው። ሳስቶ የሚያልፍ አየር ሙቀት የሚሸከመው ያነሰ ነው።

ክብ ኮፋኖ ያታልላል። ፊቱ ሁሉ ክፍት ስለሆነ ሞተሩ የሚቀዘቅዝ ይመስላል። አየር ግን ሰነፍ ነው፤ ክፍት ቦታ ካገኘ በዚያ በኩል ያልፋል፣ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉትን ጠባብ የማቀዝቀዣ ክንፎች አይነካቸውም። ስለዚህ ፊቱን በስስ ሰሌዳ ዝጋና ሰባቱን የውሸት ሲሊንደሮች እዚያ ላይ ለጥፍ፤ ፀሐይን ፀሐይ የሚያስመስላትም እሱ ነው። ቀዳዳ የምትከፍተው እውነተኛው ሲሊንደር ፊት ለፊት ብቻ ነው። ከሲሊንደሩ ግራና ቀኝ በላሜራ ወይም በባልሳ ግድግዳ ሥራለት፣ አየሩ በክንፎቹ መካከል ካልሆነ መውጫ አይኑረው። ከኋላ በታች በኩል የሚወጣበት ቀዳዳ ከመግቢያው በስፋት ሁለት ሦስት እጥፍ ይሁን። መውጫው ከጠበበ መግቢያው ምንም ቢሰፋ ዋጋ የለውም።

በኮፋኖውና በፕሮፔለሩ መቀመጫ መካከል ቢያንስ 3 ሚሜ ተው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እንዳይነካካ።

የልደታው ባልሳ | ዓርብ ማታ 3፡05

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሳጥኑን ቆርጬ በደረቁ ገጣጠምኩት። ግራው 3.5 ሚሜ ይረዝማል፣ ላይኛው ጎንም ለ1 ዲግሪው ልክ ተቆርጧል። መሃሉን 6 ወደ ግራ፣ 3 ወደ ላይ ምልክት አድርጌ ሞተሩን አስደገፍኩት፤ የፕሮፔለሩ መሃል ኮፋኖው መሃል ላይ ቁጭ አለ! ነገ በኢፖክሲ አጣብቃለሁ።

አንድ ቀረኝ። ብሎኖቹ እንዳይፈቱ ምን ላድርግ? የት ላይ ነው መጀመሪያ የማስነሳው?

ማርሚታ | ዓርብ ማታ 3፡20

ኮንዶሚኒየም ውስጥ አታስነሳ፣ ቤንዚንም ቤት ውስጥ አታስቀምጥ። ልጆች አሉ። ከከተማ ወጣ ብለን እናስነሳት፣ እኔ በመኪና አደርሳችኋለሁ። ጅራቷን ዛፍ ወይም የመኪና መንጠቆ ላይ እሰራት፤ እሳት ማጥፊያ አጠገባችን ይሁን። ሰው ሁሉ ከፕሮፔለሩ ኋላ ይቁም፣ በጎን ማንም አይቁም። መብረሩ ደግሞ ለብቻው ነው። ፈቃዱ ሳይገኝ ከመሬት አትነሳም፤ ቦሌ ቅርብ ነው፣ ይህ በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም።

ቶርኖ ቤት | ዓርብ ማታ 3፡45

የብሎኑ ነገር፦ ብረት ከብረት የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርግበት። ቀዩን አይደለም፤ ቀዩ ሳይሞቅ አይፈታም። መጀመሪያ ግን የብሎኑንም የእግሩንም ጥርስ በአልኮል አጽዳ። ዘይት ካለበት አይዝም።

እግሮችህ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ካላቸው ብሎኑ ከሳጥኑ ውስጥ ወደፊት ይገባል። ከራሱ ስር ሰፊና ወፍራም ሮንዴላ አድርግለት። ትንሽ ሮንዴላ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። አራቱን በሰያፍ እያቀያየርክ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ። ለቁልፍህ እጅ የሚገባበት ክፍተት ከሳጥኑ ኋላ ካሁኑ ተው፤ አካሉን ካለበስክ በኋላ መድረሻ አታገኝም።

ካጠበቅክ በኋላ በየብሎኑ ራስ ላይ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ወደ ሮንዴላው አሳልፈህ አስምር። የመጀመሪያው ታንክ ሲያልቅ ክፈትና እይ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። ባይሰበርም በቁልፍ ሞክረው፤ እንጨቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይጨመቃል፣ ሩብ ዙር ሊቀበልህ ይችላል። ማስነሻው ቀን ሲቆረጥ ጻፍልኝ፣ ቁልፎቼን ይዤ እመጣለሁ።